ያልተመታው ግማሽ

የተቆጣጣሪዋ ዲጅኖ ከግድግዳው ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ቀና ሲል አንዱ ምስማር ሲጥ አለ፤ ሁለተኛው ተስፈንጥሮ ከመወጣጫው በታች ወደቀ። ታች የቆሙት አናጢዎች ዘወር ዘወር አሉ።

«ያዥልኝ» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ፕላኑን የሣለችው ሴት፣ በቢሮዋ እመት ነጥብ የምትባለው፣ በአንድ እጇ የተጠቀለለ ወረቀቷን እንደጨበጠች በሌላው የቆርቆሮውን ጫፍ ያዘች። ቆርቆሮው ተገለበጠ። ከሥሩ ኮምፔንሳቶው ታየ።

ግራው ግማሽ አምሮበታል። ምስማሮቹ በጠርዙ ላይ ጠበቅ ጠበቅ፣ በመሃሉ ራቅ ራቅ ብለው በክር የተለኩ ይመስላሉ። ቀኙ ግማሽ ባዶ ነው። ላይና ታች ጥግ ላይ አንዳንድ ምስማር አለ፤ ሌላው ሁሉ ልሙጥ እንጨት ነው። ተቆጣጣሪዋ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ኮምፔንሳቶው ወደ ኋላው ቋሚ እንጨት ሄዶ ጧ ብሎ ተመለሰ።

«ዘበኛው ንፋስ በተነሣ ቁጥር ግድግዳው ያጨበጭባል ሲለኝ ቀማምሶ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ቀጥሎ ያለውን ቆርቆሮ ፈለቀቁ። ያው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም ፈለቀቁ። ግራው ተመትቷል፣ ቀኙ አልተመታም።

«እስቲ ወረቀቱን ዘርጊው።»

እመት ነጥብ ወረቀቱን በመወጣጫው ሳንቃ ላይ ዘርግታ ንፋስ እንዳይወስደው በጉልበቷ ተጫነችው። ወረቀቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ወረቀቱ ላይ ግራው ግማሽ በነጥብ ተሞልቷል፣ ቀኙ ባዶ ነው። እንደዚያ አድርጋ የሣለችው ራሷ ናት። ግራ የገባት ይኼኔ ነው። ስህተት ሲኖር ፕላንና ግድግዳ አይገጥሙም። እነዚህ ግን ቁርጥ መንትያ ነበሩ።

እመት ነጥብ የሚለውን ስም ያወጣላት የቢሮው ሾፌር ነው። ሌሎቹ የፕላን ሠራተኞች የምስማሩን ዓይነትና ርቀት በአንድ መስመር ጽፈው ሲያልፉ እሷ እያንዳንዱን ምስማር ነጥብ አድርጋ ታስቀምጣለች። «እመት ነጥብ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ምስማር ሊጎርፍ ነው?» ይላታል ጠዋት ጠዋት። አትቀየመውም። አናጢ መሰላል ላይ ቆሞ ጽሑፍ አያነብም፣ ሥዕል ነው የሚያየው ብላ ታምናለች። ንፋስ ሕንፃውን ሲገፋ ኮምፔንሳቶውና ቋሚው እንጨት አንድ አካል ሆነው የሚቋቋሙት በጠርዙ ምስማሮች ነው። ስለዚህ አናጢው የጠርዙ ምስማር እንደሚጠብቅ፣ የመሃሉ እንደሚራራቅ በዓይኑ እንዲያይ ትፈልጋለች።

ነጥብ ግን ዓይን ይበላል። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንድ ማቅለያ አሳይተዋት ነበር። ሁለቱ ጎኖቹ አንድ ዓይነት የሆነን ነገር ግማሹን ብቻ ትሥያለሽ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ታሰምሪያለሽ፣ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ሁለት አጫጭር ጭረት ታደርጊያለሽ። ቀሪውም እንደዚሁ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ስታደርግ ኖራለች። የጣሪያ ሥራ ላይ፣ የመደርደሪያ ሥራ ላይ። ማንም ምንም ብሏት አያውቅም።

«የአናጢዎቹ አለቃ ይውጡ እስቲ!» ብላ ተቆጣጣሪዋ ወደ ታች ተጣራች።

ከአሸዋው ክምር አጠገብ ኮፍያውን አውልቆ የቆመው ሰው ወደ መሰላሉ መጣ። የእመት ነጥብ ታላቅ ወንድም ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር በሥራ ቦታው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማንም ማንንም አላስቀጠረም። እሷ ፕላን ለሚያዘጋጀው አማካሪ ቢሮ ትሠራለች፣ እሱ ሕንፃውን ለሚሠራው ተቋራጭ። እሷ ፕላኑን ስትሥል እሱ የት እንዳለ አታውቅም ነበር፤ አንዱ ጋ በር ሲገጥም፣ ሌላው ጋ ጣውላ ሲልግ የኖረ ሰው ነው። አለቃ ተብሎ ሲቀጠር ይህ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ቀን ሥራውን ልታይ መጥታ ከአናጢዎቹ ፊት ቆሞ ስታገኘው ባለችበት ቆመች። የሚያማክርና የሚሠራ ዘመዳሞች መሆን እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው። ማታ እናታቸው ቤት ተገናኝተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እሷ ሕግ አወጣች፤ ስለዚህ ሕንፃ በስልክም ሆነ በአካል አንድ ቃል አይነሣም። እሱም እሺ አለ።

አሁን መወጣጫው ላይ ወጥቶ ከጎኗ ቆመ። አላያትም።

«እንደዚህ ምቱ ያለዎት ማን ነው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ወረቀቱ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ አልመጣም።»

«ምን ማለት ነው አልመጣም?»

«እመቤቴ፣ እዚህ ሥራ ላይ ፕላን በዙር ነው የሚመጣው። የመሠረቱ ግማሽ ቀድሞ መጣ፣ ግማሹ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ። የደረጃውም እንዲሁ። የኮምፔንሳቶውም ግማሽ መጣ፣ ግማሹን መታን። ሌላው እስኪደርስ እንዳይወድቅ ጥግ ጥጉን ያዝ አድርገን ወደ ጀርባው ዞርን። ስንመለስ ቆርቆሮ መቺዎቹ አልብሰውታል።»

«እናንተ ሳትጨርሱ?»

«እኔም እንዲያ አልኩ። የነሱ ወረቀት መጥቶላቸዋል። እንግዲያ የኛ ቀሪ ግማሽ ቀርቷል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሳይጠይቁ?»

«ኢንጂነሩን ጠየቅኳቸው እንጂ።»

ሁሉም ወደ መሰላሉ ዞሩ። ፕላኑ ላይ የፈረመው የእመት ነጥብ ቢሮ ኢንጂነር ከፍታ ስለማይወድ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ቆሟል። ከደረቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው።

«እንደ ፕላኑ ይሥሩ ብያቸዋለሁ» አለ።

«እንደ ፕላኑ ሠራሁ።»

«እንደ ፕላኑ አይደለም!»

«ይኸው፣ ይዩት!»

ኢንጂነሩ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን። ተቆጣጣሪዋም አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። እመት ነጥብ ይህን ስታይ መጀመሪያ ቀለል አላት፣ ወዲያው ደግሞ ባሰባት። ይህች ሴት ካልገባት ለማን ሊገባ ነው?

«ሰኞ ስብሰባ አለን» አለች ተቆጣጣሪዋ ዲጅኖዋን እያስቀመጠች። «ስህተቱ የወረቀት ይሁን የእጅ ቁርጡን ትነግሩኛላችሁ። ያጠፋው ሰው በዚህ ሥራ አይቀጥልም። ባለቤቶቹ የጠየቁኝ ይህንን ነው።»

ወረቀት ማለት እመት ነጥብ ናት። እጅ ማለት ወንድሟ ነው።

ቢሮ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው የፕላኑን የምልክት መግለጫ ነው፣ በወረቀቱ ቀኝ ጥግ በሣጥን ውስጥ የሚጻፈውን። የበር ምልክት አለ፣ የመስኮት አለ፣ የማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሁለት ጭረት ያለው የተቆራረጠ መስመር የለም። የድሮ ፕላኖቿን አወጣች። በአንዱም የለም። ምናልባት ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው ያልተጻፈው፣ አለች ለራሷ። በር በር መሆኑንም ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን ተጽፏል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ጸሐፊዋ ሄደች።

«እስቲ ይሄ ምን ይመስልሻል?»

ጸሐፊዋ ብዙ አላሰበችም። «ግማሹ ያልተጋገረ ብስኩት።»

የሒሳብ ሠራተኛው ከወዲያ ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣ። ቀኙን ባዶ ግማሽ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይኸው! ማተሚያው ቀለም ጨርሷል ብዬ ስጮህ ማን ሰማኝ?»

«ቀለም አይደለም፣ እንዲህ ነው የተሣለው።»

«ባዶውን?»

ሾፌሩ በሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። «አምጪው ወዲህ» አለ። አይቶ ሳቀ። «ይሄማ ግልጽ ነው። መስመሩ የተቆራረጠ ከሆነ መቅደም ይቻላል።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ቤት ስትገባ ባሏ መኪናው ላይ ነበር፣ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ። ልብስ ሰፊ ነው። አፉ ውስጥ መርፌ ቁልፎች ይዞ ወረቀቱን በአንድ ዓይኑ ተመለከተና በአፉ ጥግ «ግማሽ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ልኩ ነዋ። ጨርቁ ታጥፎ ይቆረጣል፣ ሲዘረጋ ሙሉ ይሆናል። ይሄ መስመር እጥፋቱ ነው።»

እልል ልትል ቃጣት። አንጀቷ ራሰ። አንድ ሰው አየው፤ ማንም ሳይነግረው አየው። እንግዲያ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ፕላኑ ትክክል ነው። ደስታዋ ሳያልቅ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ፕላኑ ትክክል ከሆነ ያጠፋው ወንድሟ ነው።

ባሏ መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። «ግን ኮምፔንሳቶ ይታጠፋል እንዴ?»

«አይታጠፍም።»

«ታዲያ እንዴት ነው ሙሉ የሚሆነው?»

«ሁለቱም ጎን ይመታል።»

«ሁለቱም የሚመታ ከሆነ ለምን አንዱን ብቻ ሣልሽው?»

ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለች።

«ዓይኔን እንዳያመኝ» አለች በመጨረሻ።

«እሱስ በቂ ምክንያት ነው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ ኢንጂነሩ ጠራት። በዕድሜ ታናሿ ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ልደቷን የሚያስታውስ የቢሮው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። በሩን ዘጋ።

«ሰኞ የምትናገሪው አጭር ነው» አላት። «ፕላኑ ትክክል ነው፣ አለቃው አንብቦ አልተረዳውም። በቃ። እኔም እደግፍሻለሁ።»

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂ።»

«ስትፈርምበት ይሄ መስመር ምን ነበር የመሰለህ?»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰ። «የመጋዝ መስመር። ኮምፔንሳቶው እዚህ ጋ ይቆረጣል።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ትርፍ ነዋ።»

ተያዩ።

«አይደለም እንዴ?»

«አይደለም።»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በእጁ ለጥ ለጥ አደረገው፣ ሲተኛለት ነገሩ የሚጠራ ይመስል። «የምስማሩን ርቀት ለሙሉው ኮምፔንሳቶ አስልቼ ነው የሰጠሁሽ» አለ። «ይሄንን አስታውሳለሁ። ሲሣል ግን...» ቃሉን አልጨረሰም። «ሰኞ ይሄንን ባናነሣው ጥሩ ነው።»

ከክፍሉ ስትወጣ ከገባችበት የባሰ ተምታቶባት ነበር። ልብስ ሰፊው ባሏ ያየውን ፈርሞ ያጸደቀው ኢንጂነር አላየውም። የዕድሜ ልክ አናጢው ወንድሟም አላየውም። የትኛው ነው የሚያስገርመው? ያየው ሰው ማየቱ ነው ወይስ ሌሎቹ አለማየታቸው?

እሑድ ሁለቱም እናታቸው ቤት ነበሩ። ሕጉ ስላለ ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወሩ። እናታቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ቆይተው «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

«የለም እማዬ።»

«ታዲያ ፊታችሁ ለምን ለቅሶ ቤት መሰለ?»

ሲመሻሽ ወንድሟ እስከ ውጭው በር ሸኛት። እዚያ ሲደርሱ ቆመ።

«ሕጋችንን ልጥሰው ነው» አላት።

«ጣሰው።»

«ነገ ፕላኔ ትክክል ነው በይ። ትክክል መሆን አለበት፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው። እኔ መዶሻዬን ይዤ የትም ሥራ አላጣም።»

«አለቃ ሆነህ የትም ነው የማታጣው?»

የበሩን ማጠፊያ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች። «ግማሹን ስትመታ አልከነከነህም?»

«ከነከነኝ እንጂ! ሰዎቹም ይሄ ነገር ጤነኛ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ግን ስንቱን ልንገርሽ? መስኮት የሌለው የመስኮት ደፍ ሠርቻለሁ። ሲከፈት ግድግዳ የሚያሳይ በር ገጥሜያለሁ። ሁሉም ፕላን ላይ የነበረ ነው። ይሄም የፕላን ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ትደውልልኝ አልነበር?»

«አትደውል ያለኝ ማን ነው?»

ያለችው እሷ ናት።

«ታዲያ ያጠፋው ማን ነው?» አለች።

«እኔ በምን አውቄ፣ እህት ዓለም። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሰኞ ስብሰባው በሥራ ቦታው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሆነ። ግድግዳው ሥር የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ ፕላኑ ተዘርግቶ አንዱ ጫፍ በውሃ ልክ፣ ሌላው በመዶሻ ተይዟል። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች።

«በየተራ» አለች። «ኢንጂነር፣ ጀምር።»

«ፕላኑ በቢሯችን አሠራር መሠረት...» ብሎ ሲጀምር እመት ነጥብ ተነሣች።

«ስህተቱ የወረቀት ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ወንድሟ፣ በዚያው ቅጽበት።

ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። «አንድ በአንድ።»

«የምልክቱ ትርጉም ፕላኑ ላይ የለም» አለች እመት ነጥብ። «መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም። ሰውዬው የሚያየውን ነው የሠራው።»

«እመቤቴ» አለ ወንድሟ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሮ፣ «ሴትዮዋ ደግ ሰው ስለሆኑ ነው። ቢጻፍም አላነበውም ነበር። ምልክቱ ደግሞ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ከሆነ ምን ማለት ነው?»

ወንድሟ ወረቀቱን አየ። «ግልጽ ነው ያልኩት ለሚያውቅ ሰው ነው።»

«የመጋዝ መስመር...» አለ ኢንጂነሩ አምልጦት። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አወለቀች፣ አጠበችው እስኪባል ድረስ በጨርቅ ወለወለችው፣ መልሳ አደረገችው። «እኔ ስማር ለዚህ ነገር ጭረት ሳይሆን ክብ ነበር የሚደረገው» አለች። «ወይስ ክቡ ለሌላ ነበር? ቆይ።» ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆየች። በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

«ይሁን» አለች። «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ከጥፋቱ ሲሸሽ ነው የማውቀው። እናንተ እንደ ምሳ ሒሳብ የምትሻሙበት ምን ሆናችሁ ነው?»

«ስህተቱ የኔ ስለሆነ ነው» አለች እመት ነጥብ። «ይጻፉት፣ የወረቀት ነው ብለው...»

«ተይ አንቺ ልጅ!» አለ ወንድሟ ጠረጴዛውን መትቶ። «እማዬ ምን ትለኛለች?»

ውሃ ልኩ ተንሸራትቶ ወደቀ። የፕላኑ ጫፍ ተጠቀለለ።

«የማን እማዬ?» አለ ኢንጂነሩ።

እመት ነጥብ ወደ ወንድሟ አየች። ወንድሟ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«የኛ» አለች።

ኢንጂነሩ ከሲሚንቶ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ። ሱሪው አመድማ ሆነ፤ አላስተዋለውም።

«ወንድሜ ነው» አለች እመት ነጥብ ለተቆጣጣሪዋ። «የቀጠረው ተቋራጩ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ሲመጣ ግን መናገር ሲገባኝ ደበቅኩ። ስለ ሥራው አትጠይቀኝ፣ አትደውልልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ምልክት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ሊጠይቀኝ እንዳይችል ያደረግኩት ራሴ ነኝ።»

«እኔም እሺ ብያለሁ» አለ ወንድሟ።

«አንተ ዝም በል፣ ጋሼ።»

ተቆጣጣሪዋ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው መደናገር ግን አልጠፋም።

«ስህተቱን የት እንደማስቀምጠው እስካሁን አላወቅኩም» አለች። «ወረቀቱም እጁም ተስማምተው ነው ያጠፉት። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ግድግዳው ይመታል። እዚህ ላይ ተስማምተናል?»

«ቀኙ ግማሽ ነው የሚመታው?» አለ ኢንጂነሩ ለማረጋገጥ።

«ቀኙ» አሉ ሦስቱም።

ቆርቆሮው በሙሉ ተነቅሎ የእያንዳንዱ ኮምፔንሳቶ ቀኝ ግማሽ ተመታ። ዘመዳሞች በአማካሪና በተቋራጭ በኩል አንድ ሥራ ላይ መቆየት ስለማይችሉ አንዳቸው መውጣት ነበረባቸው፤ የወጣችው እሷ ናት። ወንድሟ ሕንፃው እስኪያልቅ የአናጢዎቹ አለቃ ነበር። እሷ በዚያው ዓመት ቢሮዋን ለቃ የውሃ መስመር ፕላን የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ተቀጠረች።